ከውሃው በፊት ስፒናው፦ ስለ አኳሪየም የኤሌክትሪክ ደኅንነት የቀረበ ገለጻ

እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በዋናነት ስለ አንድ ቅደም ተከተል ነው። አኳሪየም ያላቸው ብዙ ሰዎች ስለ ኤሌክትሪክ መጨነቅ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚገዙት ውሃውን ከኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚወርደው የደኅንነት ሽቦ፣ ጋር የሚያገናኘውን የቲታኒየም ዘንግ ነው። ውሃው ውስጥ ይከቱታል፣ ከሶኬቱ የኧርዝ መስመር ጋር ያገናኙታል፣ ከዚያ እፎይ ይላሉ። ዘንጉ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም የቤቱ ኧርዝ በትክክል መሥራቱ ሳይረጋገጥና አርሲዲ (ከረንት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ሳይገጠም ቀድሞ ከገባ፣ ያው ዘንግ ውሃውን ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

በአንድ መካከለኛ አኳሪየም ላይ ያሉትን ዕቃዎች እንደምር። 200 ዋት ማሞቂያ፣ 15 ዋት ፊልተር፣ 50 ዋት መብራትና 4 ዋት የአየር ፓምፕ ቢኖሩ ድምሩ 269 ዋት ነው። በ230 ቮልት ይህ 1.2 አምፔር ገደማ ነው። መስመሩን የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። ሰውን የሚጎዳው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ግን የሚለካው በሚሊአምፔር ነው። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊአምፔር ሲደርስ ንዝረት ይሰማል። 10 ሚሊአምፔር አካባቢ የእጅ ጡንቻ ይጨመደድና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ሕፃናት ላይ ከዚህም ባነሰ ይደርሳል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሆኖ ከቆየ ትንፋሽንና የልብ ምትን ያናጋል። እርጥብ እጅ ያለው ሰው የሰውነቱ ተቃውሞ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ በ230 ቮልት 230 ሚሊአምፔር ሊያልፍበት ይችላል። ይህ 0.23 አምፔር መሆኑ ነው። ብሬከሩ ይህን ከአንድ ትንሽ አምፖል ለይቶ አያየውም፤ ሰውየው ላይ እየደረሰ ያለውን ሳያውቅ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብሬከር የተሠራው ሽቦ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ነው፤ ሰውን ለማዳን አይደለም።

ሰውን ለማዳን የተሠራው አርሲዲ ነው። በፌዝ (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) የወጣውንና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) የተመለሰውን ከረንት ያለማቋረጥ ያነጻጽራል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ በውሃ ወይም በሰው በኩል፣ ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነውና ይጥላል፣ ማለትም መስመሩን ይቆርጣል። ለአኳሪየም የሚያስፈልገው 30 ሚሊአምፔር የሚለው ነው፤ 100 ወይም 300 ሚሊአምፔር የተጻፈባቸው ለእሳት መከላከያ የተሠሩ ናቸውና ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ደረጃውን የጠበቀ የ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ በ30 ሚሊአምፔር በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ በ150 ሚሊአምፔር ደግሞ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጣል አለበት። በ120 ቮልት አገሮች የሚሠራበት ጂኤፍሲአይ (የእነሱ አርሲዲ) ከዚህ ይበልጥ ንቁ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር ባለው ውስጥ ይጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አርሲዲ የሚያሳጥረው ከረንቱ የሚቆይበትን ጊዜ ነው፤ መጠኑን አይቀንስም። ስለዚህ ንዝረቱ ሊሰማችሁ ይችላል። አንድ እጅ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ቢነካ ደግሞ ለአርሲዲው ሰውየው ልክ እንደ አምፖል ነው፤ አይጥልም። የፌዝና የኒውትራል ብረቶች በእርጥበት ተገናኝተው ኤክስቴንሽን ሲቃጠልም እንዲሁ ዝም ሊል ይችላል። አርሲዲ አለ ተብሎ እርጥብ እጅ ወደ ሶኬት አይሄድም።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። የማሞቂያው መስታወት ተሰነጠቀ እንበል። ውሃው የውስጡን ሽቦ ነካ፤ ገንዳው በሙሉ ወደ ፌዝ ቮልቴጅ ተጠጋ። ምን ይታያል? ምንም። ገንዳው መስታወት ነው፣ መቆሚያው እንጨት ነው፣ ከሥሩ ስፖንጅ አለ፤ ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ የለም። ዓሣዎቹ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ ናቸው፤ ዙሪያቸው በሙሉ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ስለሆነ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ። ፊልተሩ ይሠራል፣ ማሞቂያው ራሱ ለጊዜው ማሞቁን ሊቀጥል ይችላል። አርሲዲ ቢኖርም ገና ምንም የጎደለ ከረንት ስለሌለ አይጥልም። የጎደለው መንገድ የሚሟላው ሰው እጁን ሲከት ነው። የቲታኒየም ዘንጉ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱን አስቀድሞ ይከፍታል። መስታወቱ በተሰነጠቀባት ቅጽበት ከረንቱ በዘንጉ ወደ ኧርዝ ይሄዳል፣ አርሲዲውም እጅ ከመግባቱ በፊት ይጥላል።

አርሲዲ ከሌለ ግን ዘንጉ ምን ይሠራል? ከተሰነጠቀው ማሞቂያ የሚወጣው ከረንት በውሃው በኩል ወደ ዘንጉ ይፈሳል። የቧንቧ ውሃ ተቃውሞ ስላለው ፍሰቱ 10 አምፔር አይደርስም፤ ብሬከሩም አይጥልም። ዓሣዎቹ ከረንቱ በሚያልፍበት መሃል ይቀራሉ፤ ውሃው ውስጥ ካንዱ ቦታ እስከ ሌላው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ከዚህ የከፋው ሁለተኛው ነው። ዘንግ ያለበት ውሃ ውስጥ የገባ እጅ ከኧርዝ ጋር በደንብ ተገናኝቷል። በሌላው እጅ የመብራቱን የብረት ሽፋን ብትነኩና ያ ሽፋን ፌዝ ይዞ ቢሆን፣ ከረንቱ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል ያልፋል። ዘንጉ ባይኖር ኖሮ በዚያ በኩል መውጫ አያገኝም ነበር።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የቤቱ የኧርዝ ሽቦዎች እርስ በርስ ተያይዘው ወደ መሬት የሚወርደው ዋናው ሽቦ ግን የተበጠሰ ወይም ጭራሹኑ ያልተገጠመ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የማቀዝቀዣው ወይም የልብስ ማጠቢያው ፌዝ ከብረት አካሉ ቢነካ፣ ያ ቮልቴጅ በኧርዝ ሽቦው ተጉዞ በዘንጉ በኩል ገንዳው ውስጥ ይገባል። የአኳሪየሙ አርሲዲ አያስቆመውም፤ አርሲዲ የሚቆርጠው ፌዝንና ኒውትራልን እንጂ ኧርዝን አይደለም። ኧርዙ ይረጋገጥ፣ አርሲዲው ይገጠም፣ ዘንጉ መጨረሻ ይግባ የምንለው ለዚህ ነው።

ኧርዝ እንዴት ይረጋገጣል? መልቲሜትር ያለው ሰው የመጀመሪያውን ማጣሪያ ራሱ ማድረግ ይችላል። ሜትሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ ሶኬቱን ይለካል። ከፌዝ እስከ ኒውትራል 230 ካሳየ፣ ከፌዝ እስከ ኧርዝም ወደዚያው መቅረብ አለበት፤ ከኒውትራል እስከ ኧርዝ ከጥቂት ቮልት አይበልጥም። ከፌዝ እስከ ኧርዝ 60 ወይም 110 እያለ የሚዋልል ቁጥር ካያችሁ ኧርዙ ተንጠልጥሎ ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ቁጥር ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። መልቲሜትር የሚወስደው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንዲት ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ኧርዝም 230 ሊያሳይ ይችላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የኧርዙን ተቃውሞና የአርሲዲውን የመጣያ ጊዜ በመሣሪያ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ስሌቱ ይህ ነው፦ የንክኪ ቮልቴጅ፣ ማለትም ሰው በሚነካው ብረት ላይ የሚደርሰው፣ ከ50 እንዳያልፍ 50ን ለአርሲዲው 0.03 አምፔር ስናካፍል 1667 ኦም ይመጣል። ወደዚህ የተጠጋ ኧርዝ ግን አይታመንም፤ አፈር ሲደርቅ ተቃውሞው ይጨምራል። ከ200 ኦም በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

ዘንጉን በተመለከተ ጉዳዩ አጭር ነው። ቲታኒየም ይሁን። መዳብ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይመርዛል፤ ተራ አይዝጌ ብረትም በጨዋማ ውሃ ውስጥ ይበላል። ሽቦው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከውሃው በላይ ይቅር። ስፒናው ላይ ከኧርዙ በስተቀር ሌላው እግር ከምንም ጋር አይገናኝም፣ አብዛኞቹ ላይ እንዲያውም ፕላስቲክ ነው። ከውሃ ቧንቧ ወይም ከመስኮት ብረት ጋር ማሰር ኧርዝ ማድረግ አይደለም። ከሥር ሁለተኛ ገንዳ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ዘንግ ያስፈልጋችኋል፤ ውሃውን የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው የውሃ መስመር ይቋረጥና ሁለት የተለያዩ ውሃዎች ይሆናሉ።

ስለ አርሲዲ የምንሰማው ትልቁ ቅሬታ «ያለ ምክንያት ይጥላል፣ ዓሣ ይገድልብኛል» የሚል ነው። ቅሬታው ትክክለኛ መሠረት አለው። የ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ከ15 እስከ 30 ባለው ውስጥ በማንኛውም ነጥብ ሊጥል ይችላል። የኤልኢዲ መብራቶችና የዲሲ ፓምፖች ኃይል ማስተካከያ ደግሞ ጤነኛ ሆኖም በውስጡ ባለው ማጣሪያ በኩል ትንሽ ከረንት ወደ ኧርዝ ያወጣል። አሥር ዕቃ በአንድ አርሲዲ ላይ ከተሰካ እነዚህ ትንንሾች ይደመራሉ። በሥራ ላይ ያለው ድምር ከ9 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ከ30 በመቶው እንዳያልፍ ማድረግ ነው። መፍትሔው አርሲዲውን ማንሳት ሳይሆን ሁለት ማድረግ ነው። አንዱ ላይ ፊልተሩና አንድ 100 ዋት ማሞቂያ፣ ሌላው ላይ የአየር ፓምፑ፣ ሁለተኛው 100 ዋት ማሞቂያና መብራቱ ይሁኑ። አንዱ ቢጥል ውሃው መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። አንድ 200 ዋት በሁለት 100 ዋት መተካቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የአንዱ ቴርሞስታት ተጣብቆ መጥፋት ቢያቅተው ግማሹ ኃይል ውሃውን ለማፍላት ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅበት የማየት ዕድል ይኖራችኋል።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ታይፕ ኤ የሚለውን ምረጡ፤ ታይፕ ኤሲ የሚባለው በኤልኢዲና በዲሲ ፓምፕ ማስተካከያዎች በኩል የሚመጣውን የተቆራረጠ ከረንት ላያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሶኬት ላይ የሚሰኩት ተንቀሳቃሽ አርሲዲዎች አንዳንዶቹ መብራት ሲጠፋ ራሳቸውን ይጥሉና መብራት ሲመጣ በእጅ እስኪጫኑ አይነሡም። ለመጋዝ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ለፊልተር ግን ሞት ነው። መብራት ሲመለስ አብሮ የሚመለሰውን ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ቤት ስትደርሱም ከላይ ያለውን ብሬከር አጥፍታችሁ በማብራት ሞክሩት። የመፈተሻ ቁልፉን በወር አንድ ጊዜ ተጫኑ። ካልጣለ ጠግኑት አይባልም፣ ይቀየራል። ቁልፉ የሚፈትሸው አርሲዲውን ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ስለ ቤታችሁ ኧርዝ ምንም አይነግራችሁም። ከቤት ርቃችሁ ለምትቆዩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚነሣ የአየር ፓምፕ መጨመር ተገቢ ነው። ክዳኑ የታሸገ (ካኒስተር) ፊልተር ውሃው ለሰዓታት ከቆመ በውስጡ ኦክሲጅን ያልቅና ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች መሞት ይጀምራሉ፤ እንደዚያ የቆየውን ሳታጥቡ መልሳችሁ አታስነሡት።

ጉዳቱ ከየት እንደሚጀምር ካያችሁ መከላከሉ ይቀላል። በብዛት የሚጀምረው ከማሞቂያው ነው። ውሃ ስትቀይሩ የውሃው ከፍታ ይወርዳል፤ ማሞቂያው እንደበራ ከውሃ በላይ ይቀርና መስታወቱ ይግላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጨምሩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንዳንድ ጊዜ ከጎማው ክዳን ሥር ያለ ፀጉር የሚያህል መስመር ነው፤ በጣት አይታወቅም። የሚያጋልጠው መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጤዛ ነው። ከላይኛው ጫፍ አካባቢ በውስጥ በኩል ትንንሽ ጠብታ ወይም ጭጋግ ካያችሁ ያ ማሞቂያ አበቃለት፤ አድርቆ መልሶ መጠቀም የለም። ውሃ ከመቀየራችሁ 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ንቀሉት፣ ውሃው ተሞልቶ 20 ደቂቃ ሲሞላው መልሳችሁ ሰኩት።

ፓምፖች ላይ ደግሞ መጠምጠሚያው በኢፖክሲ (በሚጠነክር ሙጫ) ተደፍኖ ነው የሚመጣው። ሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) በኖራ ወይም በቀንድ አውጣ ሲያዝ ሞተሩ ይግላል፣ ኢፖክሲው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል። የሮተሩን ክፍል በየወሩ ማጽዳት ከድምፁ ይልቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ሌላው ደካማ ቦታ ገመዱ ወደ ፓምፑ የሚገባበት አንገት ነው፤ ፓምፕ በገመዱ ተጎትቶ አይወጣም። ገመዱ ላይ ቁስል ካለ ናስትሮ አትጠቅልሉበት። ውሃ በናስትሮው ሥር ገብቶ በሽቦው ክሮች መካከል እየተሳበ ስፒናው ድረስ ሊደርስ ይችላል። በዩቪ መብራቶች ላይ የኳርትዝ ቱቦውን የጎማ ማሸጊያ በየመብራት ቅያሪው መቀየር ነው።

ጽሑፎቹን ማንበብም ይጠቅማል። አይፒ ዕቃው አቧራና ውሃን የሚከላከልበት ደረጃ ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር ዕቃ አይፒ 68 መሆን አለበት፤ አይፒ 67 ማለት እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ብቻ መጥለቅን ይቋቋማል ማለት ነው፤ ከውሃው በላይ ለተንጠለጠለ መብራት ይበቃል።

ኤክስቴንሽኑን ወለል ላይ ወይም ከፊልተሩ ሥር አታድርጉት። በመቆሚያው የጎን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሆኖ ይታሰር። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋር ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ ከታችኛው ነጥብ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ቀላልና ነፃ ሥራ ነው፤ ዛሬ ማታ ሊሠራ ይችላል። የጨው ውሃ ያላችሁ ሰዎች ሶኬቶቹን በየጊዜው ነቅላችሁ እዩ። የጨው ውሃ ከቧንቧ ውሃ በብዙ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም ከመቶ እጥፍ በላይ ከረንት ያስተላልፋል፤ ትነቱ የሚተወው ነጭ ዱቄት እርጥበት እየሳበ የነሐሱን ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ መጋል ይመጣል።

እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። በኤክስቴንሽኑ ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ብዙዎቹ ማብሪያዎች አንድ መስመር ብቻ ይቆርጣሉ፤ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ የሚቆረጠው ኒውትራሉ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ቆሟል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ፌዙ ግን ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው።

በውሃውና በኧርዝ መካከል ለክታችሁ 40 ወይም 60 ቮልት ስታዩ አትደንግጡ። ዲጂታል መልቲሜትር ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ተቃውሞ ስላለው ምንም ጉዳት የሌለበት ፓምፕ ከመጠምጠሚያው በሽፋኑ አሻግሮ ያለ ንክኪ (በካፓሲታንስ) የሚያስተላልፈውን እንኳ ያነባል። የፌዝ መፈተሻ ካቻቢቴም በዚሁ ምክንያት ሊበራ ይችላል። ለመለየት፣ በሜትሩ ሁለት ጫፎች መካከል የ47 ኪሎኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በትይዩ አድርጉና እንደገና ለኩ፤ ባዶ ብረቱን በእጅ ሳትነኩ። ቁጥሩ ወደ ጥቂት ቮልት ከወረደ ያለ ንክኪ የተሻገረው ነው። እዚያው ከቀረ እውነተኛ መፍሰስ አለ፤ በብሬከሩ አጥፍታችሁ ሁሉንም ንቀሉ።

ጥፋተኛውን ለማግኘት አንድ በአንድ እየሰካችሁ አርሲዲው ሲጥል ማየት ትችላላችሁ፤ እጅም ዓሣም በሌለበት፣ ዘንጉ በገባበት የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይሁን። ማሞቂያውን ስትሞክሩ ሙቀቱን ከፍ አድርጉት፤ ቴርሞስታቱ መስመሩን ካላገናኘ የሽቦው ክፍል ከፌዙ ጋር ላይገናኝ ይችላልና ጉዳቱ ይደበቃል። የተሻለው መንገድ ሜገር ነው፤ የሽፋንን ተቃውሞ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ ነው። ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ባልዲው ውስጥ ይጠልቃል፤ የስፒናው ሁለት እግሮች አንድ ላይ ታስረው በአንዱ የሜገር ገመድ ይያዛሉ፣ ሌላው ገመድ ውሃው ውስጥ ይገባል። በ500 ቮልት ዲሲ ይለካል። በካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ላለው ዕቃ፣ ማለትም ድርብ ሽፋን ላለው፣ ከ2 ሜጋኦም በታች ከሆነ ይጣላል። ጤነኛ ዕቃ ከዚህ እጅግ የላቀ ቁጥር ያሳያል፤ 3 ወይም 4 ያሳየውን እኛ መልሰን ውሃ ውስጥ አንከትም።

ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ካገኛችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ በብሬከሩ አጥፉ። ከዚያ እርዳታ ይጠራ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት እየተጫናችሁ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ደኅና ነኝ ቢልም ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የልብ ምት ችግር ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ከተጠየቁት ውስጥ የ12 እና የ24 ቮልት ዲሲ ፓምፖች ጉዳይ አለ። አዎ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባው ክፍል በጣም የተሻለ ነው፤ አዲስ የምትገዙ ከሆነ እሱን ምረጡ። አደጋው ግን ወደ ኃይል ማስተካከያው ሳጥን ይዛወራል። በውስጡ 230 ቮልቱንና 12 ቮልቱን የሚለየው ክፍተት ጥራት ከጎደለው ወይም እርጥበት ከገባበት፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ በቀጭኑ ገመድ በኩል ገንዳው ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ከውሃው ከፍታ በላይ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ይሰቀል፤ ስፒናውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ አርሲዲው ላይ ይሰካ።